ክፍተቱን ማጥበብ ያልበቃው ማሽን፦ ከኮምቦልቻ የተወሰደ የጥገና ጉዳይ

ጠዋት ሥራ ሲጀመር ጆንያውን በ95 ሳንቲሜትር ልክ የሚቆርጥ ማሽን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲያልፍ 96፣ አንዳንዴም 96 ተኩል ይቆርጣል። ለሊት ፈረቃ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ማንም ሳይነካው ወደ ልኩ ይጠጋል። ማሽኑ ያለው ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የፕላስቲክ ጆንያ ፋብሪካ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም። ከጥቅል የሚመጣውን የተሸመነ ቱቦ ሁለት ጎማ የለበሱ ሮለሮች ይስቡታል፣ ቆጣሪው ልኩ ሲሞላ ሮለሮቹ ቀጥ ይላሉ፣ ቢላው ይወርዳል፣ የተቆረጠው ወደ ስፌት ያልፋል። በደቂቃ 30 ገደማ ይቆርጣል፤ ቱቦው የሚሳበው በደቂቃ 40 ሜትር ፍጥነት ነው።

አንድ ሳንቲሜትር ምን ይሆናል የሚል ይኖራል። በአንድ ፈረቃ ከሚቆረጠው 12,000 ጆንያ ግማሹ በ1.2 ሳንቲሜትር ቢረዝም 72 ሜትር ጨርቅ ሄደ ማለት ነው፤ ከ75 ጆንያ በላይ ይወጣዋል፣ በየፈረቃው። መጀመሪያ የጮኹት ግን ሒሳብ ክፍሎች አልነበሩም፤ ስፌት ላይ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። የሚደርሳቸው ክምር ጠርዙ አልገጥም ሲል እያንዳንዱን እየሳቡ ማስተካከል ነበረባቸው፣ የሚከፈላቸው ደግሞ በሰፉት ቁጥር ነው።

እኔ ስጠራ ብዙ ነገር ተሞክሯል። ቆጣሪው በአዲስ ተተክቷል። የሮለሩ ጎማ እየተንሸራተተ ነው ተብሎ ጎማው ታድሷል፤ ይህ ግን ከመጀመሪያው የማያስኬድ ጥርጣሬ ነበር። ቆጣሪው የተገጠመው ሮለሩ ዘንግ ላይ ስለሆነ ጎማው ቢንሸራተት ጆንያው ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ኦፕሬተሯም «ፍጥነት እየጨመርሽ ነው» ተብላ ተወቅሳለች። ፍጥነቱን የሚያዘው ቁልፍ ያለው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እሷ ዘንድ የለም።

ከሁሉ በላይ የተነካካው የፍሪሲዮኑና (የሞተሩን ዙር ወደ ሮለሩ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) የፍሬኑ የአየር ክፍተት ነው። የጥገና ክፍሉ ሰዎች ባጠበቡት ቁጥር ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ሰምሮ ይቆርጥና ተመልሶ ያው ይሆናል። «ድሮ በዓመት አንዴ ብንነካው ነው» አለኝ የፈረቃው መካኒክ፣ «አሁን ግን ወላሂ ጋሼ፣ ወር አይሞላም።» ከሰማሁት ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት ይህን ነው። ክፍተት በሸራ (እየተፋተገ በሚይዘው ሽፋን) ማለቅ ይሰፋል፣ የታወቀ ነው። በዓመት ይሰፋ የነበረ ክፍተት በወር ከሰፋ ግን ሸራውን የሚበላ አዲስ ነገር መጥቷል ማለት ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ሞተሩ ያለማቋረጥ ይዞራል። ሮለሩ መሄድና መቆሙን የሚወስኑት ከሞተሩ ቀጥሎ አንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡት የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮንና ፍሬን ናቸው። የፍሪሲዮኑ ኮይል (የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ) ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ አርማቸር የሚባለውን ክብ ብረት ይስባል፣ አርማቸሩ ከሸራው ይገጥማል፣ የሞተሩ ዙር ወደ ሮለሩ ያልፋል። የፍሬኑ አሠራርም ያው ነው፤ ልዩነቱ የፍሬኑ ማግኔት ከማሽኑ አካል ጋር የታሰረና የማይዞር በመሆኑ አርማቸሩን ሲይዝ ሮለሩን ያቆመዋል። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ስስ ስፕሪንግ አርማቸሩን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያኔ በአርማቸሩና በሸራው መካከል የሚቀረው ቀጭን ክፍት ቦታ ነው የአየር ክፍተት የሚባለው።

በዚህኛው መጠን ክፍተቱ 0.3 ሚሊሜትር እንዲሆን፣ 0.6 ሳይደርስም መልሶ እንዲስተካከል አምራቹ ያዛል። ማኑዋሉ ከፋብሪካው ጠፍቶ ስለነበር በስም ሰሌዳው ላይ ባለው የሞዴል ቁጥር ፈልገን አወረድነው። ይህን ቁጥር ማንም ለራሱ ማሽን እንዳለ እንዳይወስደው፤ አነስተኞቹ 0.2፣ ትልልቆቹ 0.5 የሚጠይቁ አሉ።

የመጀመሪያ ልኬቴን የወሰድኩት ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ልኩን እየሳተ እያለ ነው። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ብዙ ጊዜ ጥገና የሚሠራው ጠዋት፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ በሽታው ያለው ደግሞ ሲሞቅ ነው። ማሽኑን አስቁሜ፣ ዋናውን ብሬከር አውርጄና ቆልፌ፣ የፍሬኑን ኮይል አንድ ሽቦ ፈትቼ ወዲያው ኦሙን (የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን) ለካሁ፦ 26.2 ኦም። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያንኑ ኮይል ስለካው 20.5 ነበር። የመዳብ ሽቦ በየአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ተቃውሞው በ0.39 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ይህ ልዩነት ኮይሉ ከጠዋቱ በ70 ዲግሪ ያህል መሞቁን ይናገራል። ቴርሞሜትር ሳያስፈልግ ኮይሉ ራሱ ሙቀቱን ይነግረናል ማለት ነው፤ ከውጭ በእጅ ዳሶ «ሞቋል» ከማለት በብዙ ይሻላል።

የሚመጣለትን ቮልቴጅም ለካሁ። 24 ቮልት የሚሰጠው ተራ ትራንስፎርመርና ሬክቲፋየር (ኤሌክትሪኩን ወደ ዲሲ የሚቀይር) እንጂ የሚያረጋ ፓወር ሰፕላይ አይደለም፤ ስለዚህ መስመሩ ሲደክም እሱም ይደክማል። ጠዋት 24 የነበረው ከሰዓት፣ አካባቢው ያሉት ፋብሪካዎች ሁሉ ሥራ ላይ ሳሉ፣ 22 ሆኗል። እንግዲህ ጠዋት በኮይሉ ውስጥ 1.17 አምፔር ይሄዳል፤ ከሰዓት 0.84። የማግኔት ስበት በግምት በከረንቱ ካሬ ይጨምራል፣ በክፍተቱ ካሬ ደግሞ ይቀንሳል። በከረንቱ መቀነስ ብቻ ስበቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ክፍተቱ ከ0.3 ወደ 0.6 ሲሰፋ ደግሞ ያ ግማሽ በአራት ይካፈላል። በጠዋትና በአዲስ ልክ ከነበረው ስበት የቀረው አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ብረቱ ውስጥ የሚባክነውን ስላልቆጠርኩ ሒሳቡ ሻካራ ነው፣ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚስተው ነገር አለ። ክፍተት ሲሰፋ «ፍሬኑ አቅም አነሰው» ይባላል። አርማቸሩ አንዴ ተስቦ ከሸራው ከገጠመ በኋላ ግን ክፍተቱ የለም፤ ተዘግቷል። የሰፋ ክፍተት በዋናነት የሚጎዳው ጊዜውን ነው፦ ስበቱ ደካማ ስለሆነ አርማቸሩ እስኪነሳና እስኪገጥም ይዘገያል። በእኛ ማሽን ቱቦው በአንድ ሚሊሰከንድ 0.67 ሚሊሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ በ20 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ጆንያው በ13 ሚሊሜትር ይረዝማል። ስፌት ክፍሎቹ ያማረሩበት ልክ ይኸው ነው። መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው ላይ ቀንሶ መገላገል ይቻል ነበር፤ ከሙቀቱና ከመስመሩ ጋር እየተለዋወጠ ስለሚሄድ ግን ጠዋት የቀነስከው ከሰዓት አይበቃም፣ ከሰዓት የቀነስከው ጠዋት ያሳጥራል። ኦፕሬተሯ ቆጣሪውን በየሰዓቱ ስትነካካ የምትውለው ለዚህ ነበር።

ቀዝቀዝ ሲል ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የመለኪያ ምላሶች) ለካን። በአንድ ቦታ ብቻ መለካት ዋጋ የለውም፤ ዙሪያውን በሦስት እኩል ቦታ ነው። ፍሬኑ 0.60፣ 0.64፣ 0.68 ሰጠ፤ ፍሪሲዮኑ 0.50፣ 0.52፣ 0.55። መካኒኩ ቀድሞ ያስተካከለበት ጊዜ ገና ሳምንታት ነበር። የሦስቱ ቦታ ልዩነት ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ቢሆንም ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚዞርበትን ቤሪንግ) በእጅ ነቅንቀን ጨዋታ እንደሌለው አየን፣ ሸራው ላይም የዘይት ምልክት አልነበረም።

ሁለቱም ሸራዎች መበላታቸው ነው ዓይኔን የያዘው። የፍሬን ሸራ ብቻ ቢያልቅ ሮለሩ ከብዷል ወይም ፍጥነቱ ጨምሯል እል ነበር። ሌላም ነገር ነበር፦ የፍሬኑ ኮይል ከ2 ሰከንዱ ዑደት የሚሠራው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ብቻ የሚሠራ ኮይል በራሱ ከረንት 70 ዲግሪ አይሞቅም። ሙቀቱ ከሸራው መፋተግ እየመጣ መሆን አለበት። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሙቀት የሚሰላው ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ስለሆነ እዚህ ያለው ሳሳ ያለ አየር እንደተጻፈው አያቀዘቅዝም። ከደሴ ጋር ሲነጻጸርም ሞቃት ናት። ግን ማሽኑ ድሮም እዚሁ ነበር፣ ድሮ ደግሞ በዓመት አንዴ ነበር የሚነካው። ቦታውን ጥፋተኛ ማድረግ አልተቻለም።

ስለዚህ ሁለቱ ባንድ ጊዜ እየያዙ ነው የሚል ጥርጣሬ ያዝኩ። ሐረጎን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ዳገት፣ ቁልቁል የሚወርድ ሾፌር አንድ እግሩን ነዳጅ ላይ ሌላውን ፍሬን ላይ ተጭኖ ቢሄድ የፍሬን ሸራው ደሴ ላይ ተቀይሮ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ያልቃል። ፍሪሲዮኑ ሳይለቅ ፍሬኑ ከያዘ የሚሆነው ያው ነው፤ ሞተሩ እየነዳ ፍሬኑ ይታገለዋል፣ ሁለቱም ሸራዎች ይፋተጋሉ። በዓይን ግን አይታይም፤ ሁሉም ነገር የሚያልቀው ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

አንድ የማውቀው የቴክኒክ አስተማሪ ባለሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪኩን መውጣትና መውረድ በስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ፣ አዋሰኝ። በእያንዳንዱ ኮይል መስመር ላይ 0.1 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገብቼ የከረንቱን ቅርጽ አየሁ። ይህን መንገድ ሞክሮ ለማያውቅ ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገረው፦ ከረንቱ ቀስ እያለ ሲወጣ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ እንደገና ይወጣል። ያቺ ዝቅታ አርማቸሩ የተንቀሳቀሰባትና የገጠመባት ቅጽበት ናት። ማሽኑን ሳይፈቱ ፍሬኑ በስንት ሚሊሰከንድ እንደያዘ ማንበብ ይቻላል። የእኛው ፍሬን ክፍተቱ ሰፍቶ፣ ኮይሉ ሞቆ፣ በ52 ሚሊሰከንድ ይይዝ ነበር። ክፍተቱ ተስተካክሎ ቀዝቅዞ ሲሞከር በ32። ልዩነቱ 20፣ ማለትም ከላይ ያልነው 13 ሚሊሜትር።

የፍሪሲዮኑ መስመር ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። ሪሌው (ኮይሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ) ከረንቱን ሲቆርጥ ወዲያው መውደቅ ሲገባው ረጅም ጭራ እየጎተተ ነው የሚወርደው፤ አርማቸሩን ለመልቀቅ ከሚበቃው መጠን በታች ለመድረስ ከ60 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ክፍተቱ በተስተካከለ ዕለት ፍሬኑ በ32 ይይዛል፣ ፍሪሲዮኑ ከ60 በኋላ ይለቃል። መሐል ላይ ያለውን 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ሁለቱ እየተጓተቱ ያሳልፉታል፣ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ ሙሉ ፈረቃ። ክፍተቱ ሲሰፋ ፍሬኑ ስለሚዘገይ መጓተቱ ይቀንሳል፣ ጆንያው ግን ይረዝማል። የጥገና ክፍሉ ክፍተቱን ባጠበበ ቁጥር ፍሬኑ ቶሎ እንዲይዝ አድርጎ መጓተቱን መልሶ ያበዛው ነበር። ማስተካከያው ራሱ ሸራውን ሲያስበላ ከርሟል።

ጭራው ከየት መጣ? የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ስንከፍት ከፍሪሲዮኑ ኮይል ጎን አንድ ተራ ዳዮድ፣ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ተበይዷል። ታሪኩ ቀላል ነው። ቀድሞ እዚያ ቫሪስተር (ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ከረንት የሚያሳልፍ ዕቃ) ነበር፤ ሲቃጠል የሪሌው ኮንታክት በብልጭታ እየነደደ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ጀመር። አንድ ኤሌክትሪሺያን በእጁ ያለውን፣ የትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚገኘውን ዳዮድ ገጠመ። ብልጭታው ጠፋ፣ ሪሌው ዳነ፣ ሁሉም ተደሰተ። ሥራው ከኮንታክቱ አንጻር ትክክል ነው፤ ማንም ቢሆን መጽሐፍ ላይ የሚያገኘው መፍትሔ ይኸው ነው። ችግሩ ዳዮድ የኮይሉን ከረንት ዝም ብሎ በክብ እንዲዞር ስለሚያደርገው ማግኔቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው። ለተራ ሪሌ ወይም ለኮንታክተር ኮይል ይህ ግድ አይሰጥም። በደቂቃ 30 ጊዜ ለሚይዝና ለሚለቅ ፍሪሲዮን ግን ይሰጣል። ቫሪስተሩ ኮይሉ ሲለቅ ቮልቴጁ ከፍ እንዲል ስለሚፈቅድለት ከረንቱ ቶሎ ይወድቃል። ዳዮዱ የገባበትን ጊዜ ከጥገና መዝገቡ ጋር ስናስተያየው ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ መስፋት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ትክክለኛው ቫሪስተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር አስገባን። ደሴ ፒያሳ ፈልጌ ያገኘሁት 5 ዋት ብቻ ስለነበር ከወደቀ ዕቃ ላይ ፈታነው። ኮይሉ ሲለቅ በሬዚስተሩ ላይ 55 ቮልት ያህል ይወጣል፤ ሪሌው ይችለዋል። መቆጣጠሪያው በሪሌ ሳይሆን በትራንዚስተር የሚሠራ ከሆነ ግን ይህን ከማድረግ በፊት ትራንዚስተሩ ስንት ቮልት እንደሚችል ማየት ግድ ነው። በኦሲሎስኮፑ መልሰን ስናየው የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ከ60 በላይ የነበረው ወደ 20 ሚሊሰከንድ ወርዷል። ፍሬኑ በ32 ይይዛል። አሁን አንዱ ለቆ ነው ሌላው የሚይዘው።

ከዚህ በኋላ ነው ክፍተቱን በወጉ ያስተካከልነው። ቅደም ተከተሉን እንደሠራነው እናገራለሁ። ብሬከሩ ወርዶ በቁልፍ ተቆለፈ፣ ቁልፉ ማሽኑ ላይ እጁን በሚያስገባው መካኒክ ኪስ ገባ። ቢላው ከባድ ስለሆነና ኤሌክትሪክ ባይኖርም ሊወርድ ስለሚችል በእንጨት ተደገፈ። ሸራው ላይ የተከማቸውን ብናኝ ልጆቹ በኮምፕሬሰር ሊነፉት ሲነሱ አስቆምኳቸው፦ በዕድሜ የገፋ ማሽን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ባይኖረውም ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። ሸራው ፊቱ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ስለነበር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ዘርግተን በቀስታ ፈተግነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱን በእጅ ይዞ መፈተግ ፊቱን ያጎረብጠዋል።

የአርማቸሩ ቋት በዘንጉ ላይ በቺያቬታ (እንዳይዞር በሚያደርግ ሽብልቅ) እና በቪቴ (ትንሽ ብሎን) የተያዘ ነው። ቪቴው ሲላላ ቋቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። 0.30 የሆኑ ሦስት የፊለር ጌጅ ምላሶች በእኩል ርቀት ዙሪያውን አስገባን፣ ቋቱን ገፍተን አስጠጋን፣ ቪቴውን አጠበቅን፣ ምላሶቹን ሳብን። የናስ ምላስ ቢገኝ ይመረጣል፤ ብረቱን በማግኔቱ ላይ የቀረ ስበት ይይዘውና ክፍተቱ ከእውነቱ የጠበበ ይመስላል። እኛ የነበረን የብረት ስለሆነ እየሳብን ደጋግመን ለካን። ከዚያ ዘንጉን በእጅ ሩብ ዙር እያዞሩ እንደገና መለካት ነው። 0.30 በትንሽ ጥረት ይገባል፣ 0.35 አይገባም፤ በአራቱም አቅጣጫ ይህ ከሆነ ሥራው አልቋል።

እዚህ ላይ ነው ከመካኒኩ ጋር የተከራከርነው።

«ጋሼ፣ 0.15 ብናደርገው አይሻልም? እስኪያልቅ ይቆያል እኮ።»

«ከዚህ በፊት ስንት ነበር የምታደርጉት?»

«እንደዚያው... ጠበቅ አድርገን።»

ጠበቅ ማድረጉ ብልህነት ይመስላል። ብረቱ ሲሞቅ ግን ይለጠጣል፣ የዘንጉ ትንሽ ውዝዋዜም አለ፣ ስፕሪንጉ አርማቸሩን የሚመልስበት ቦታም ያስፈልገዋል። በ0.15 የተገጠመ አርማቸር ሲሞቅ ከሸራው ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም፤ እየዞረ ይልሰዋል። ይህም ሸራውን ይበላል፣ ሙቀቱን ይጨምራል፣ ሙቀቱ የኮይሉን ከረንት ይቀንሳል። ቁጠባ ተብሎ የተደረገው ክፍተቱን በራሱ ጊዜ ያሰፋዋል። መካኒኩ ወዲያው አላመነኝም፤ ፍሪሲዮኑን በ0.15 ገጥመን ሞተሩን ብናስነሳው ፍሪሲዮኑ ጠፍቶም ሞተሩ ሮለሩን ቀስ እያለ ይዞት ሲዞር አየ። 0.30 ላይ ግን ሮለሩ በእጅ ነጻ ሆኖ ይሽከረከራል። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገም።

የተፈተገ ሸራ ወዲያው ሙሉ ጉልበት አይሰጥም፤ ሁለቱ ፊቶች እስኪላመዱ በዝግታ ማሠራት ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከተቆራረጠ ውዳቂ ቱቦ ጋር፣ በየመሐሉ እያስቀዘቀዝን አሠራነው። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላላቸውም፤ ማሽን ቆሞ ውዳቂ ሲቆርጥ ማየት ለማንም አይጥምም። ቢሆንም ታገሱ። ፍጥነቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ቆጣሪው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማካካሻ አስገባን፤ ፍሪሲዮኑ አሁን ቶሎ ስለሚለቅ የድሮው ማካካሻ አይሠራም ነበር።

ሁለት ነገር ሳንነካ ተውን። ትራንስፎርመሩ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚሰጥ ሌላ ጫፍ ነበረው፤ ከሰዓት የሚወርደውን ለማካካስ ወደዚያ እንቀይር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለሊት መስመሩ ከፍ ሲል ኮይሉ ያለ አግባብ ይሞቃል ብዬ ተቃወምኩ፤ የሚያረጋ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ይሻላል፣ እሱ ግን የበጀት ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን የሸፈነው ቆርቆሮ ነው። የጆንያ ክር እንዳይገባበት ብለው የሠሩት ነው፤ ሙቀቱንም አብሮ ያፍናል። ቢነሳ ክሩ ይጠመጠማል፣ ቢቆይ ይሞቃል። በወንፊት ሽቦ እንዲለወጥ ተስማምተን እስካሁን ቆርቆሮው አለ።

ቫሪስተሩ መጥቶ ከተገጠመ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ጆንያው ከልኩ ቢበዛ 3 ሚሊሜትር ነው የሚያልፈው ወይም የሚጎድለው፣ ጠዋትም ከሰዓትም። ሥራ በበዛበት ሰዓት የፍሬኑ ኮይል ሲለካ 23.1 ኦም ሰጠ፤ የሙቀቱ ጭማሪ ከ70 ወደ 33 ዲግሪ ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ወር ካለፈ በኋላ የተለካው ክፍተት 0.32 ነበር። ቀድሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ0.6 ያልፍ እንደነበር መካኒኩ ራሱ ነው ያስታወሰው።

ሲወራ ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር ስላለ ልጨምር። በዚሁ ፋብሪካ ጥቅሉን የሚያነሳ ክሬን አለ፣ የእሱ ፍሬን ግን የተለየ ዓይነት ነው፦ በስፕሪንግ ይይዛል፣ በኤሌክትሪክ ይለቃል። መብራት ቢጠፋ ጭነቱ እንዳይወድቅ ነው። እዚያ ክፍተት ሲሰፋ ምልክቱ ግልባጭ ነው፤ ማግኔቱ ስፕሪንጉን አሸንፎ መሳብ ስለሚያቅተው ፍሬኑ አይለቅም፣ ሞተሩ እያጓራ ይቆማል፣ ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ሲከብደው የሚያጠፋው መከላከያ) ይጥላል። ክፍተቱን ለማጥበብ የሚላላውና የሚጠብቀው ቡሎንም ሌላ ቦታ ነው። ከዚህ ማሽን የተማረውን ይዞ የክሬኑን ፍሬን ጭነት ተንጠልጥሎ ሳለ ሊነካ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ለመካኒኮቹም ነግሬያለሁ፤ ክሬን ላይ ሥራው የሚጀመረው ጭነቱን መሬት ካወረዱ በኋላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ የጠየቁኝ ይህን ሁሉ አውጥቶ ሰርቮ ሞተር፣ መሄድና መቆሙን በኤሌክትሮኒክስ ድራይቭ የሚያዝ ሞተር፣ ስለመግጠም ነበር። የሚሠራ ሐሳብ ነው፤ ሸራ የለውም፣ ክፍተት የለውም፣ ልኩም ይበልጥ ጥብቅ ነው። ሲበላሽ ግን ድራይቩን እዚህ የሚጠግነው ማነው፣ መለዋወጫውስ በስንት ጊዜ ይደርሳል የሚለው ቀድሞ መመለስ አለበት። ለጊዜው የተወሰነው አንድ ሙሉ የሸራ ስብስብና ሁለት ቫሪስተር መጋዘን እንዲቀመጥ፣ ክፍተቱና የኮይሉ የሞቀ ኦም በየወሩ እንዲመዘገብ ነው። መዝገቡን የምትይዘው ኦፕሬተሯ ናት።